እንደ ጓሳ የተዘጋ ትከሻ

ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚያስኬደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የሣር ቤቶች የጎበዜ እጅ ያልነካው ጥቂት ነው። ሰው ግድግዳውን በድንጋይ ካቆመ፣ ወራጁን ካወጣ፣ ማገሩን ካሰረ በኋላ "በሉ እንግዲህ ጎበዜ ይጠራ" ይላል። ጎበዜም የክዳኑን ሣር ነዶ በትከሻው አድርጎ ጣራ ላይ ይወጣል። ከወጣ ደግሞ እስኪመሽ አይወርድም፤ ምሳውን እንኳ በገመድ ነው ወደ ላይ የሚስበው። ባለቤቱ ይዘንጋሽ፣ "እኔ ባሌን የማውቀው በውስጥ እግሩ ነው፤ ፊቱን የማየው ክረምት ሲገባ ነው" እያለች ሴቶቹን ታስቅ ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ሰቅሎ ኖረ። ሙያው ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ጥንቃቄው ግን የራሱ ነበር። ሌላው ሰው ገመዱን እንጨቱ ላይ ጠምጥሞ፣ አጥብቆ ቋጥሮ ይሄዳል። ጎበዜ ግን መጀመሪያ አሮጌ ሣር ውሃ ነክሮ ያለሰልስና እንጨቱን ይጠቀልለዋል፤ በዚያ ላይ ወፈር ያለ ሣር ያክልበታል፤ ገመዱን የሚያሳርፈው ከዚያ በኋላ ነው። "ገመድና እንጨት ጠባያቸው አይገጥምም። አንዱ ይተጣጠፋል፣ አንዱ ይገትራል። በመካከላቸው የሚያስታርቅ ነገር ካላኖርክ አንድ ነፋስ ያለያያቸዋል" ይላል።

ቆርቆሮን አጥብቆ ይጠላው ነበር። "ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይጮኻል፣ ብርድ ሲመጣ ግን ዝም ብሎ ያስገባዋል፤ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው?" የዚህ ሰው የገዛ ቤቱ ክዳን ግን አርጅቶ ነበር። በስተምሥራቅ በኩል ሣሩ ሳስቶ ብርሃን ያሳያል። ይዘንጋሽ ባነሳችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ "ጓሳ ሲከፈት።"

ጓሳ፣ የመንዝ ሰው የጋራ የሣር ሜዳ፣ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ሣሩ ሲጎዳ ይዘጋል። ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይገባበትም፣ ጠባቂ ይቆምበታል። ዓመታት ያልፋሉ። ሣሩ ጉልበት ሲያወጣ፣ ሰው ሲገባበት ጉልበቱን ሲውጠው፣ ሕዝቡ ተማክሮ ይከፍተዋል። የመንዝ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው፦ የተጎዳ ነገር የሚድነው ሲዘጉለትና ሲታገሡት ነው። ጎበዜም ሦስት ዓመት ጠብቋል፤ ጓሳ በመጪው ዓመት ጥር ላይ እንደሚከፈት ተነግሮ ነበር። አዲስ ሣር አምጥቶ የራሱን ቤት በእጁ ሊከድን፣ ከዚያም ከጣራ ሊወርድ ቆርጦ ነበር። "የመጨረሻዬ የራሴ ትሁን" ይል ነበር።

ጓሳ ሊከፈት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው የወደቀው። መውደቅ እንኳ አይባልም። ወለተኪዳን የሚባሉ ባልቴት ቤታቸው አፍስሶ፣ ጓሳ ሳይዘጋ ከተከመረ ሣር ሊጠግንላቸው ወጣ። እግሩ ከመሰላሉ ሲስት ቀኝ እጁ ማገሩን ያዘ፤ መላ ሰውነቱ በዚያ በአንድ እጅ ላይ ተንጠለጠለ። ትከሻው ውስጥ የሆነ ነገር "ጧ" አለ። ወለተኪዳን ከታች ሆነው የሰሙት ማገር የተሰበረ መስሏቸው፣ "ኧረ ቤቴን!" ብለው ጮኹ።

"ቤቱስ ደህና ነው" አላቸው ጎበዜ ከላይ።

የቀረውን በግራ እጁ ጨረሰው። ሁለት ቀን ፈጀበት።

ይዘንጋሽ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያወቀችው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። ጎበዜ ሊያማትብ ቀኝ እጁን አነሣ፤ እጁ ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግራና ቀኙን አየና ሰው ያላየው መስሎት ግንባሩን ወደ እጁ አወረደው። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ እንዲያ ሆነ፤ የሚያየው ሰው "ጎበዜ እንዴት ያለ ትሕትና ገባው" ይላል። እሷ ግን ታውቃለች።

ወጌሻው ዳሰሰውና "አጥንቱ ቦታው ላይ ነው፤ የወለቀ የለም" አለ። ጤና ጣቢያው ማስታገሻ ሰጠው። ወር ሙሉ እጁ ከደረቱ አልፎ አልወጣ ሲል ባልና ሚስት ሚኒባስ ተሳፍረው ደብረ ብርሃን ወረዱ። ምስል ተነሣ። ሐኪሙ ዶክተር ይሥሐቅ የሚባል ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ምስሉን በመስኮቱ ብርሃን እያሳየ አስረዳቸው።

"አባቴ፣ አጥንትዎ አልተሰበረም። ክንድዎን ወደ ላይ የሚያነሣው ጅማት ነው ከአጥንቱ ላይ የተነቀለው።"

"ከሥሩ?"

"ከሥሩ። በቀዶ ጥገና መልሰን አጥንቱ ላይ እንሰፋዋለን። ግን ጅማት አይጠብቅም። እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ጡንቻውም ሥራ ሲያጣ ወደ ስብ ይለወጣል። አንድ ወር አልፎታል። ከግንቦት እንዳያሳልፉት።"

አዲስ አበባ የሚላክበትን ወረቀት ጻፈለት። የጤና መድኅን ደብተር ስላላቸው ወጪው አላሳሰባቸውም፤ ማረፊያም አለ፤ ልጃቸው ትህትና እዚያው አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ጎበዜ ቤቱ እንደ ገባ ወረቀቱን አጥፎ፣ የቤቱ ሰው በቅርብ የሚፈለግ ወረቀት በሚያኖርበት ቦታ፣ በወራጁና በሣሩ መካከል ሻጠው። "ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ" አለ። ይሄድም ነበር።

ትህትና ለፋሲካ መጣች። የአባቷን መውደቅ ከሰማች ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ እንድትመርጥ ሲሰጧት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ጅማት ከአጥንት ሲነቀል እንዴት እንደሚድን የሚለውን ያነሣችው በእሱ ምክንያት ነው። እሷ መርፌ አትወጋም፣ መድኃኒት አትቀምምም፤ ሥራዋ በየአገሩ የተጻፈውን ጥናት ሰብስባ ማነጻጸር ነው። ይህን ግን ለአባቷ አጥርታ አልነገረችውም። አባትየውም "ልጄ የእኔን ትከሻ እየተማረች ነው" ብሎ ለአገር ሁሉ አውርቶ ነበር።

በፋሲካው ማግሥት በራፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጀመረችለት።

"አባዬ፣ ጅማት አጥንት ላይ ዝም ብሎ አልተጣበቀም። በመካከላቸው ድንበር አለ። መጀመሪያ ጅማቱ አለ፤ ቀጥሎ እንደ ጆሯችን ለስላሳ የሆነ ነገር ይመጣል፤ ቀጥሎ ያው ለስላሳው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያ አጥንት ይሆናል። ቀስ በቀስ።"

ጎበዜ የይዘንጋሽን ጉልበት በግራ እጁ መታ። "ሰማሽ? እኔ በሣር የምሠራውን እግዚአብሔር በሥጋ ሠርቶታል!"

"ልክ ነው! እንደሱ ነው!" ትህትና ከመደቡ ተነሣች። መምህሮቿ ዘንድ ስትንተባተብበት የከረመችውን ነገር ደብተር ያልጨበጠ አባቷ በአንድ ቃል ሲይዝላት ፊቷ በራ። ይዘንጋሽ ያን ፊት አየችና ደስ አላት። ኋላ ስታስበው፣ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ፊት ላይ ነበር።

"አንዴ ሲነቀል ግን" አለች ልጅቱ፣ "ያ የሚያስታርቀው ድንበር ተመልሶ አይበቅልም። ቢሰፉትም የሚበቅለው ጠባሳ ነው። ጠባሳ ደካማ ነው፤ ተሰፍቶ መልሶ የሚነቀል ብዙ አለ።"

"ደረቅ እንጨት ላይ ባዶ ገመድ ማሰር ነዋ።"

"ነው። ለዚህ ነው አዲሱ ጥናት የሚደንቀው። ግንደ ሕዋስ የሚባል አለ፤ ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ ሕዋስ።"

"እንደ ጎረቤታችን እንደ ኃይለመስቀል ልጅ።"

"አባዬ! አድምጠኝ። ድሮ ይኼ ሕዋስ ራሱ ሄዶ ጅማት የሚሆን፣ አጥንት የሚሆን መስሏቸው ነበር። ኋላ ሲያዩት ብዙውን ሥራ የሚሠራው እሱ አይደለም፣ የሚልካት ናት። ከራሱ ቆንጥሮ ትንሽ ከረጢት ይለቃል፤ ኤክሶዞም ይሏታል። በተራ ማጉያ እንኳ አትታይም። ውስጧ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ አጫጭር መልእክቶች አሉ።"

"ምን ይላል መልእክቱ?"

"አብዛኛውን ጊዜ የሚከለክል ነው። ቁስሉ ዙሪያ ያሉት ሕዋሳት ተቆጥተው ሲነድዱ 'ይብቃ' ትላቸዋለች። ጠባሳ ሊሠሩ ሲጣደፉ 'ይቅር' ትላለች። ጡንቻው ስብ ልሁን ሲል 'አይሆንም' ትላለች። በዚያ መሐል ደህናው ጊዜ አግኝቶ ይበቅላል።"

ጎበዜ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ወደ ጓሳ በኩል ተመለከተ።

"ጓሳ ናት በይኛ" አለ። "ጓሳ ሲዘጋ የሚነገረው አዋጅ ናት። አትግቡ፣ አትጨዱ፣ አትንኩ። ሣሩን ማንም አይዘራውም፤ የሚያጠፋውን ስትከለክል ራሱ ይበቅላል።"

ትህትና ሳቀች፤ አጨበጨበች። "ይኼን ጽሑፌ ላይ አስገባዋለሁ!"

"ለሰው ደርሷል?"

"በአይጥና በጥንቸል ትከሻ ላይ ሞክረውታል፣ ድንበሩ እንደገና ሲበቅል አይተዋል። ለሰው ገና ነው። ይደርሳል ግን!"

"ገና ነው" ያለችው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። "ይደርሳል" ያለችው ከፍ አድርጋ ነው። ይዘንጋሽ ሁለቱንም ሰምታለች። ጎበዜ አንዱን ብቻ ሰማ።

ልጅቱ ስትመለስ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ራሷን በመስኮት አወጣች፦ "አባዬ! አንተ ግን ቀዶ ጥገናውን አድርግ እሺ? ያኛውን አትጠብቅ!" ጎበዜ በግራ እጁ "ሂጂ፣ ሂጂ" አላት። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

በሳምንቱ ጎበዜ ያረጀ ጋቢ ቀዶ፣ ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አስጠብቆ እንድታስርለት ለይዘንጋሽ ሰጣት።

"ወረቀቱስ? አዲስ አበባስ?" አለችው።

"ልጅሽ ያለችውን አልሰማሽም? ተሰፍቶ መልሶ ይነቀላል። እኔ ምን በወጣኝ ሁለቴ የምነቀለው? ዘግቼዋለሁ። ጓሳ እስኪከፈት አይከፈትም። በዚያ መሐል ራሱ ከበቀለ በቀለ፤ አለዚያም የልጄ መድኃኒት ትደርሳለች።"

ይዘንጋሽ "እሷ ሂድ ነው ያለችህ" ልትል አፏን ከፈተች። ግን እሷም ሌሊት ሌሊት ቢላዋ ነበር የሚታያት። የገዛ ወንድሟ ለአንጀቱ ተብሎ ገብቶ በሬሳ ሣጥን ነው የተመለሰው። አፏን ዘጋችና ጋቢውን አሰረችለት። ቋጠሮውን ያጠበቀችው እሷ ናት፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጎረቤታቸው ኃይለመስቀል፣ ከጎበዜ ጋር አብሮ ሲከድን የኖረ ቀልደኛ ሰው፣ ወሬውን ሰምቶ መጣ።

"አንተ ሰው፣ ትከሻህን ዘጋኸው አሉ?"

"ዘጋሁት። ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይገባበትም።"

"ጠባቂስ?"

"ይዘንጋሽ ናት።"

"በስማም! እሷ ባለችበትማ ትንኝም አያርፍበትም። ጥሰህ ብትገኝስ ቅጣቱ ምንድን ነው?"

"ከአንተ ጋር መዋል" አለች ይዘንጋሽ። ሦስቱም ሳቁ።

ያ ወራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ የሚል ነበር። ጎበዜ በሕይወቱ እንደዚያ ቤት ውሎ አያውቅም። ረስቶ እጁን ወደ ማሰሮ ሲሰድ እሷ "ጥሰሃል!" ብላ ትጮኻለች፤ እሱ እንደ ተያዘ እረኛ አንገቱን ይደፋል። ሕመሙም ቀነሰ። "አየሽ? እየበቀለ ነው" ይላል። ሕመም ሲቀንስ ይድናል ብሎ ማን አይጠብቅም?

ትህትና በስልክ "አባዬ ሄደ?" ትላለች። ይዘንጋሽ "ይሄዳል" ትላለች። በሚቀጥለውም "ይሄዳል"። ልጅቱም ጽሑፏ ላይ ተወጥራ ነበር፤ "ይሄዳል" የሚለውን ቃል እንደ "ሄደ" አድርጋ ሰምታ አለፈችው። ግንቦት ገባ። ግንቦት ወጣ። ወረቀቱ ወራጁ ሥር ጭስ እየጠጣ ነበር።

ክረምት ላይ ይዘንጋሽ ገላውን ስታጥበው ትከሻው ላይ፣ ከአጥንቱ በላይ፣ ጉድጓድ አየች። ሥጋው ሟሙቶ ሄዷል። ሳሙናውን ብታኖርበት ይቀመጣል። እጇን እዚያ ላይ አሳርፋ ቆየች።

"ምነው?" አላት ጀርባውን እንደ ሰጣት።

"ምንም። ዙር።"

ጥር ደረሰ። ጓሳ ተከፈተ። ሰዉ ገና ጎህ ሲቀድ ፈረሱንና አህያውን እየነዳ ወጣ፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሣሩ ከሰው ጉልበት በላይ ቆሞ በውርጭ ነጥቷል። ጎበዜ የዓመት በዓል ኮቱን ለብሶ ነበር። ከሜዳው ጠርዝ ቆመና ይዘንጋሽን "ፍቺኝ" አላት። ኃይለመስቀል ሰዎቹን ሰብስቦ፣ "ኑ እዩ! ዛሬ ሁለት ጓሳ ነው የሚከፈተው" አለ።

ጋቢው ተፈታ። ክንዱ ወደ ጎኑ ወረደ። ጎበዜ ጣቶቹን አፍታታ፤ ማጭዱን ያዘ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አጨደ። ሣሩ ተቆረጠ! አንድ እፍኝ፣ ሌላ እፍኝ። ክንድ ወደ ታች ሲሆን መች ያስቸግራል። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎበዜ ላብ እያጠመቀው፣ እንደ ልጅ እየሳቀ፣ እስከ ረፋድ ድረስ አንድ ሙሉ ነዶ አጨደ። ይዘንጋሽ ስታለቅስ ኃይለመስቀል አይቷት፣ "አሁንማ ከጠባቂነት ተሰናብተሻል" አላት።

ከዚያ ነዶውን ፈረሱ ላይ ሊጭን አነሣው።

ነዶው እስከ እምብርቱ መጣ። እዚያ ቆመ። ጎበዜ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ሞከረ፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ አንገቱ ዘመመ፣ ክንዱ ግን እንደ ሌላ ሰው ክንድ ከጎኑ ንቅንቅ አላለም። ነዶው እግሩ ሥር ወደቀ። እንደገና አነሣው። እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው ሣሩ ተበተነ።

እልልታው የቆመበትን ጊዜ ማንም አላስተዋለም። ኃይለመስቀል አፉ ላይ ቀልድ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። ጎንበስ ብሎ ሣሩን እየሰበሰበ፣ "ቀዝቅዞ ነው። ዓመት የታሰረ ነገር መች በአንድ ቀን ይፍታታል" አለ።

"አዎ፣ ቀዝቅዞ ነው" አሉ ሌሎቹም። ሁሉም ወደ ማጭዱ ተመለሰ።

በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ላይ ዶክተር ይሥሐቅ አዲሱን ምስል በመስኮቱ ብርሃን ተመለከተ። "ማነው አስሮ ያስቀመጠዎት?"

ይዘንጋሽ መሬት መሬት አየች። "እኔው ነኝ" አለ ጎበዜ። "ዘግቼው ነው።"

"ጅማቱ ሸሽቶ ሄዷል፤ ጡንቻው ስብ ሆኗል። አሁን ብከፍተው ጎትቼ አጥንቱ ላይ የማደርሰው ነገር የለኝም። መገጣጠሚያውም ደርቋል። እንቅስቃሴ አሠራዎታለሁ፤ ሕመሙንና ድርቀቱን ይቀንስልዎታል። ከራስዎ በላይ ማንሣቱን ግን…"

"ያ የከረጢቱ መድኃኒትስ? ልጄ የምታጠናው? ሲደርስ?"

ሐኪሙ ነገሩን ያውቀው ነበር፤ አልሳቀበትም። "ጥሩ ነገር ነው አባቴ። አንድ ቀን ይደርስ ይሆናል። ግን እሱም ቢሆን የተሰፋውን አጥብቆ እንዲይዝ የሚያግዝ ነው። ጅማቱ አጥንቱ ጋ ካልደረሰ ምኑን ያያይዘዋል?"

በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ሞላሌ ላይ ቆመ። ሰው ሲወርድ ሲወጣ ጎበዜ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ "ሐኪሙ የመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል" አለ።

"ምን ብሎ?"

"ተነቅሏል ብሎ። ጓሳ ሲዘጋ የሚያገግመው እኮ ሥሩ መሬት ውስጥ ስላለ ነው፣ ይዘንጋሽ። የተነቀለ ሣር ዙሪያውን አጥር ብታጥሪለት ይበቅላል? ስንት ዓመት ሣር ሳጭድ ስከድን ኖሬ፣ እንዴት ይኼ ጠፋኝ?"

እሷ "ቋጠሮውን ያሰርኩት እኔ ነኝ" ልትለው ፈለገች። ሚኒባሱ ተነሣ፤ ዘፈኑ ጮኸ፤ ሳትለው ቀረች።

ትህትና በሚያዝያ ተመርቃ፣ በጥቁር ሽፋን የተጠረዘ ጽሑፏን ይዛ መጣች። አባቷ ሳይሰፋ እንደ ቀረ በመጨረሻ ሰምታ ነበር። ከገባች ጊዜ ጀምሮ ትከሻውን ላለማየት ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ጽሑፉን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ለአባቴ ለጎበዜ፤ ድንበሩን ላስረዳኝ" ይላል። አነበበችለት። እሱ በግራ እጁ አንድ አንድ ገጽ እየገለጠ፣ የማያነበውን እንግሊዝኛ፣ ሥዕሎቹን፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀባውን የአይጥ ትከሻ እስከ መጨረሻው አየ።

"ይኼ ዳነ?" አለ አንዱን ሥዕል እያመለከተ።

"ዳነ አባዬ።"

"ይኼስ?"

"እሱም።"

"እሰይ" አለ። "አይጦቹስ ተረፉ።"

ትህትና ፊቷን ሸፈነች። "ሂድ ብዬህ ነበር እኮ አባዬ። አትጠብቅ ብዬህ ነበር!"

"ብለሽኛል። መኪናው እየሄደ።"

ሊቆጣት ቢችል ኖሮ ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጽሑፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ፣ ከጋብቻ ወረቀታቸው አጠገብ አኖረው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወጣዋል፤ "የልጄ ነው፤ ስለ እኔ ነው" ይላል። በዚህ ውስጥ ኩራቱ የትኛው፣ መራራው የትኛው እንደሆነ ይዘንጋሽ እንኳ መለየት አቃታት።

ጎበዜ ጓሳ በተከፈተ ቀን ያጨደው አንድ ነዶ በራፉ አጠገብ ተደግፎ ቀረ። ኃይለመስቀል "እኔ እከድንልሃለሁ" ብሎ ሦስት ጊዜ ለመነው። "በሰው እጅማ ከሆነ ቆርቆሮ ይሁን" አለ ጎበዜ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቆርቆሮ መቺዎች ከመሐል ሜዳ መጡ። አሮጌው ሣር እየተገፈፈ ሲወርድ ጎበዜ ወንበር አውጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የሠላሳ ዓመት ሥራው ነው። የሚያፈርሱት ሰዎች ከሣሩ ሥር የለሰለሰውን ጥቅልል እየጎተቱ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? እንዴት አድርጎ ነው ያሰረው? አልፈታ አለ እኮ" ሲሉ ሰማ። ከወራጁ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት በጭስ ቡናማ ሆኖ ወረደ። ይዘንጋሽ አነሣችው። ማኅተሙ አሁንም ይታያል። ጎበዜ አያት፤ አየችው። ወረቀቱን መቀነቷ ውስጥ አስገባችው፤ እስከ ዛሬም አላቃጠለችውም፣ አልጣለችውም።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ መጣ። ሣር ቤት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ አይሰማም ነበር፤ ውጭ ወጥተህ ነው የምታውቀው። አሁን ግን ጠብታው ሲጀምር ቤቱ በሙሉ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አይደማመጡም። ይዘንጋሽ መጀመሪያ ጠላችው። ኋላ ግን፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት ዝም ለማለት ምክንያት እንደማያስፈልግ ገባት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወርዶ ወርዶ ሲያባራ ስልኩ ጮኸ። ይዘንጋሽ አንሥታ ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገችና ለጎበዜ በግራ እጁ አስያዘችው። ትህትና ናት። ድምፅዋ እንደዚያ ፋሲካ ማግሥት ነበር።

"አባዬ! አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። በሰው ላይ ሊሞክሩት እየተዘጋጁ ነው። በሰው ትከሻ ላይ! ትሰማኛለህ? ምናልባት ያንተ ዓይነቱንም አንድ ቀን…"

ጎበዜ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀው።

"አይሰማኝም ልጄ" አለ። "ዝናቡ ነው። ቆርቆሮው አላስሰማ አለኝ።"

"አባዬ? እኔ እኮ በደንብ እሰማሃለሁ…"

"ዝናቡ ነው" አላት፤ ለስልሶ፣ ላለማስቀየም ተጠንቅቆ። "ሲያባራ እንነጋገራለን።"

ይዘንጋሽ ወደ በሩ ተመለከተች። ደጁ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። በራፉ አጠገብ የተደገፈው ነዶ ከእርጥበቱ እየጨሰ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርድ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረም።